መገኘትና ማሳመም ለየቅል ናቸው፦ ሥር በሰደደ የአፍ ሽፋን ብግነት ውስጥ የቫይረስ ድርሻ

(ይህ ጽሑፍ ለጥርስና ለቆዳ ሐኪሞች፣ ለጤና ተማሪዎችና ለመስማት ለመጣ ሁሉ ክፍት በነበረ ስብሰባ ላይ በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ ሳሰናዳው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣

ንግግሬን ከምች ልጀምር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ምች መቶት የማያውቅ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል ይባላል፤ የከንፈሩን ጫፍ ይለበልበዋል፣ ቀጥሎ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ተጠጋግተው ይወጡበታል፣ እነሱም ፈርጠው ቅርፊት ከሠሩ በኋላ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይደርቃሉ። እናቶቻችን ዳማከሴ ጨምቀው በቡና ያጠጡናል። ምች የሚለው ስም በሕዝቡ ዘንድ ትኩሳትንና ራስ ምታትን ጭምር የሚይዝ ሰፊ ስም ቢሆንም፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ግን እኛ ሐኪሞች ሄርፐስ ሲምፕሌክስ አንድ የምንለው ቫይረስ ሥራ ነው። ይህ ቫይረስ በአብዛኛው በልጅነት፣ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ ይገባል፤ ከዚያም የፊትን ስሜት የሚያደርሰው ትልቁ ነርቭ ወደ አንጎል ከመግባቱ በፊት በሚሠራው የነርቭ ሕዋሳት ጉብታ ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የፀሐይ ጨረር፣ ትኩሳት፣ ድካም ወይም የሰውነት መከላከያ መዳከም ሲቀሰቅሰው ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ከንፈር ይመለሳል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ ነርቭ የደበቀውን ፀሐይ ታወጣዋለች። ስለ ምግቡ ባላውቅም ስለ ፀሐይዋ እናቶቻችን አልተሳሳቱም።

በምች የጀመርኩት ለማዋዛት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 ባወጣው ግምት መሠረት ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ 67 በመቶው፣ ማለትም 3.7 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ይህን ቫይረስ ተሸክሟል። በ1964 አንቶኒ ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ ከዩጋንዳ ወደ ለንደን በተላከ የዕጢ ናሙና ውስጥ ያገኙት ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ደግሞ ከአዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት ውስጥ ይኖራል፤ መተላለፊያውም ምራቅ ነው። እንግዲህ አሁን ከዚህ አዳራሽ ከእያንዳንዳችን ምራቅ ወስደን በፒሲአር ብንመረምር፣ አፋቸው ፍጹም ጤነኛ ከሆኑ ሰዎች መካከል ከእነዚህ ቫይረሶች አንዱ የሚገኝባቸው ጥቂቶች አይሆኑም። ፒሲአር እጅግ ጥቂት የሆነን የቫይረስ ዘረመል አባዝቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ጥንካሬውም ድክመቱም ይኸው ነው። ቫይረሱ መኖሩን ይነግረናል፤ ተኝቶ ይሁን ነቅቶ፣ አጥፊ ይሁን አላፊ አግዳሚ ግን ብቻውን አይነግረንም።

ስለዚህ ለዓመታት የአፉ ሽፋን እየተላጠ፣ እየቆሰለና እያቃጠለው የኖረ ሰው መጥቶ፣ ከቁስሉ ከተወሰደው ናሙና ውስጥ «ቫይረስ ተገኘ» የሚል ወረቀት ከላቦራቶሪ ሲመጣልን ምን አወቅን? ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ጥያቄ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ የቫይረሱ መገኘትና የቫይረሱ ማሳመም ለየቅል ናቸው፤ ቫይረሱ ሞልቶ ብግነት፣ ማለትም የመከላከያ ሕዋሳት ተሰብስበው ሽፋኑን የሚያቀሉበትና የሚያሳምሙበት ሁኔታ፣ የማይኖርበት በሽታ አለ፣ በቁስሉ ውስጥ ሕያው ቫይረስ ሳይገኝ የበሽታው ቀስቃሽ ግን ቫይረስ የሆነበት ሌላ በሽታም አለ።

የመጀመሪያውን በምሳሌ ላሳይ። በ1984 በሳን ፍራንሲስኮ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ከእነሱም መካከል ዲቦራና ጆን ግሪንስፓን፣ የመከላከያ አቅማቸው በተዳከመ ወንዶች ምላስ ጠርዝ ላይ ሽንትር ሽንትር ያለ፣ ፀጉር የበቀለበት የሚመስልና ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ንጣፍ አይተው ጻፉ። ዛሬ ፀጉራማ ሊዩኮፕላኪያ የምንለው ይህ ነው። በሽፋኑ የላይኛ ሕዋሳት ውስጥ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ በገፍ ይራባል፤ ሆኖም ናሙናውን በአጉሊ መነጽር ስታዩት ከሥሩ የተሰበሰበ የብግነት ሕዋስ እምብዛም አታገኙም፤ ታማሚውም ብዙውን ጊዜ አያመውም። እሳት የሚያነደው የመከላከያ ሥርዓቱ ስለሆነ፣ እሱ ሲደክም ቫይረሱ ያለ ጭስ ይራባል። ይህ ንጣፍ ኤች አይ ቪ በሌለባቸው፣ ነገር ግን ለአፋቸው ወይም ለአስማቸው ብግነትን የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በተጠቀሙ ሰዎች ላይም ታይቷል፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ተቃራኒው ምሳሌ ኤሪቴማ መልቲፎርሜ ነው። ሰውየው ከንፈሩ ላይ ምች ወጥቶበት ሊደርቅ ሲል ወይም ከደረቀ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ድንገት አፉ በሙሉ ይቆስላል፣ ከንፈሩ በደም ቅርፊት ይሸፈናል፣ በእጆቹም ላይ ክብ በክብ ውስጥ ያለው የዒላማ ምልክት ይወጣል። ከዚህ ቁስል ሕያው ቫይረስ ለማብቀል ብትሞክሩ አይበቅልም። የሚገኘው የቫይረሱ ዘረመል ቁራጭ ነው፤ የደም ሕዋሳት ተሸክመው ወደ ቆዳና ወደ አፍ ሽፋን ያደርሱታል፣ ቲ ሕዋሳት የተባሉት የመከላከያ ሥርዓቱ ነጭ የደም ሕዋሳትም ቁራጩን እንደ ሙሉ ጠላት ቆጥረው ሽፋኑን ያቃጥሉታል። የጠብ መንስኤው ከቤቱ ወጥቶ ከሄደ በኋላ ቤተሰቡ በስሙ ሲደባደብ እንደማለት ነው። ቁስሉ አንዴ ከተነሣ በኋላ የሚሰጥ አሲክሎቪር የተባለው የሄርፐስ መድኃኒት ብዙ የማይረዳውም ለዚህ ነው፤ በየጥቂት ወሩ ለሚመላለስበት ሰው ግን መድኃኒቱን በየቀኑ ቢያንስ ለ6 ወር መስጠት ምቹን ስለሚያስቀር፣ ተከትሎት የሚመጣውን ቁስልም በብዙዎች ዘንድ ያስቀረዋል። ይህ ለእኔ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ውጤት የበለጠ ማስረጃ ነው፤ ቫይረሱን ስታስወግደው በሽታው ከቀረ ቀስቃሹ እሱ ነበር ማለት ነውና።

በዚህ ላይ አንድ የታሪክ ማስታወሻ ልጨምር። መንስኤው ያልታወቀ ብግነት ሁሉ አንድ ጊዜ በቫይረስ መጠርጠሩ አይቀርም። ቱርካዊው የቆዳ ሐኪም ሑሉሲ ቤሕቼት በ1937 አፍን፣ ብልትንና ዓይንን የሚያቆስለውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን በሽታ ሲገልጹ መንስኤው ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ጎልቶ የወጣው የዘር ተጋላጭነት፣ በተለይም ኤችኤልኤ ቢ51 የተባለው የዘር ምልክት ነው፤ በሁሉም ታማሚ ላይ የሚታይ አንድ ቫይረስ ግን አልተገኘም። ቤሕቼትን ለመውቀስ አይደለም፤ የጊዜያቸው ጥርጣሬ ምክንያታዊ ነበር።

ዛሬም በየክሊኒኩ የሚታየው ስሕተት ግን ያለ ምክንያት ነው፤ በየጊዜው እየተመላለሰ የሚወጣውን የአፍ ቁስል፣ በሙያ ስሙ አፍታን፣ ከሄርፐስ ጋር ማምታታት ማለቴ ነው። አፍታ ከአምስት ሰው አንዱን ያህል በሕይወቱ ውስጥ የሚያገኝ፣ ቫይረስ ያልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰውም የማይተላለፍ ቁስል ነው፤ ይሁንና በየጊዜው አሲክሎቪር የሚታዘዝለት ሰው ያጋጥመኛል። የሁለቱ መለያ ቦታቸው ነው። አፍታ የሚወጣው ለስላሳውና ተንቀሳቃሹ ሽፋን ላይ፣ ማለትም በጉንጭና በከንፈር ውስጠኛ ክፍል፣ ከምላስ ሥርና በለስላሳው ላንቃ ላይ ነው፤ ክብ ነው፣ ዳርቻው ቀይ መሐሉ ቢጫ ነው፣ ውኃም አይቋጥርም። ተመልሶ የሚመጣ ሄርፐስ ግን መከላከያው ደኅና በሆነ ሰው ላይ ከከንፈር ውጭ ከወጣ የሚመርጠው ከአጥንት ጋር የተጣበቀውን ጠንካራ ሽፋን፣ ማለትም ድድንና የላንቃን ፊት ነው፤ ጥቃቅን ሆኖ ተሰባስቦ ይወጣል። አልማዝ ባለጭራ የምንለው የጉድፍ ቫይረስ ውላጅ ደግሞ አፍ ውስጥ ሲወጣ በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ መሐል መስመር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህ ሁሉ መብራትና ትዕግሥት እንጂ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሥር ከሰደዱት የአፍ ሽፋን ብግነቶች መካከል የቫይረስ ነገር በእጅጉ የተጠናበት ሊከን ፕላነስ ነው። ስሙን በ1869 ያወጣለት እንግሊዛዊው ኢራስመስ ዊልሰን ሲሆን፣ ሊከን ማለት በደጋ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ ሽበት የሚለጠፈው ነገር ነው። ከአዋቂዎች ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆኑትን፣ ከወንዶች ይልቅም ሴቶችን፣ በአብዛኛው ከ30 ዓመት በኋላ ይይዛል። በሁለቱም ጉንጭ ውስጥ እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ ነጭ መረብ ይታያል፤ በአንዳንዶች መረቡ ብቻ ሆኖ ሳያም ለዓመታት ይኖራል፣ በሌሎች ግን በመረቡ መካከል ሽፋኑ ተልጦ ቀይ ይሆናል። ይህን በአገራችን ታማሚዎች የማውቀው ቶሎ ነው፤ «ሐኪም፣ በርበሬ ያለበት ወጥ ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ፣ አልጫም ያቃጥለኛል» ሲሉኝ አፋቸውን ሳይከፍቱ ግማሹን ነግረውኛል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች በሚይዙበት ጉንጭ በኩል ብቻ የሚያወጡት ነጭ ንጣፍ ከዚህ የተለየ መሆኑንም በዚሁ ላሳስብ፤ ለደም ግፊትና ለሕመም ማስታገሻ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሊከንን የሚመስል ነገር ያወጣሉ።

በሊከን ፕላነስ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሲዲ8 የተባሉት ቲ ሕዋሳት ከሽፋኑ ሥር ጥቅጥቅ ብለው ተሰልፈው የሽፋኑን የታችኛውን ረድፍ ሕዋሳት ይገድላሉ። ሲዲ8 ሕዋስ በተፈጥሮው ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ እንዲገድል የተሠራ በመሆኑ፣ እዚህ ተሰልፎ ሲገኝ «ምን አይቶ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄውን ያጠነከረው ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ሲ ነው። ይህ ቫይረስ በ1989 ተለይቶ ታወቀ፤ ለዚህ ሥራ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የደም ምርመራው እንደተገኘ በጣሊያንና በጃፓን የሚሠሩ ሐኪሞች የአፍ ሊከን ያለባቸው ሰዎች ቫይረሱ ከሌላው ሕዝብ በላቀ መጠን እንደሚገኝባቸው አዩ፤ በብሪታንያ የተደረጉ ጥናቶች ግን ይህን ዝምድና አላገኙም። ቫይረሱ አንድ ሆኖ ሳለ አገር በተለወጠ ቁጥር ግንኙነቱ ለምን ይለወጣል? ከመልሱ አንዱ ክፍል ቫይረሱ በየአገሩ ያለው ሥርጭት ነው፤ ሌላው ክፍል ተሸካሚው ራሱ ነው፤ በጣሊያን ታማሚዎች ላይ ኤችኤልኤ ዲአር6 የተባለው የዘር ምልክት ከዚህ ጥምረት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ከዚህም የሚልቅ አስተማሪ ነገር አለ። የሄፓታይተስ ሲ ዘረመል ሊከን ባለባቸውም በሌለባቸውም የጉበት ታማሚዎች አፍ ሽፋን ውስጥ ተገኝቷል። ሊከን ባለባቸው ግን ይህንኑ ቫይረስ ለይተው የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት ከደማቸው ይልቅ በአፋቸው ሽፋን ውስጥ በዝተው ታይተዋል። እንግዲህ ልዩነቱ በቫይረሱ መኖር ላይ ሳይሆን በሰውነቱ አቀባበል ላይ ነው። የሕክምናው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ለብዙ ዓመታት ለሄፓታይተስ ሲ የሚሰጠው መድኃኒት ኢንተርፌሮን ነበር፤ ኢንተርፌሮን ቫይረሱን ሲያጠቃ በበርካታ ታማሚዎች ላይ ሊከኑን አባባሰው፣ በአንዳንዶችም ቀድሞ ያልነበረውን አወጣው፤ ምክንያቱም ኢንተርፌሮን ሰውነት ራሱም የሚያመነጨው፣ ያንን የሲዲ8 ሰልፍ የሚጠራ መልእክት ነው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሶፎስቡቪርና መሰሎቹ ሲመጡ፣ ያለ ኢንተርፌሮን፣ በአብዛኛው በ12 ሳምንት፣ ከ95 በመቶ በላይ የሆኑትን መፈወስ ተቻለ። ቫይረሱ ከጠፋላቸው በኋላ በአንዳንዶች የአፉ ቁስል ሲሻል ታይቷል፤ በሌሎች ደግሞ መረቡ እንዳለ ቀርቷል። ይህ አያስደንቀኝም፤ የብግነት ሰልፍ አንዴ ከተሰለፈ ጠሪው ቢሄድም ወዲያው አይበተንም።

ከዚህ በመነሣት የአፍ ሊከን ላለበት ሰው ሁሉ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ይታዘዝ ወይ ለሚለው፣ ቫይረሱ በተሠራጨበት አገር ለኖረ፣ ደም ለወሰደ ወይም በተደጋገመ መርፌ ለተወጋ ሰው ይታዘዝ ባይ ነኝ። ግብጽ ለዚህ ምስክር ናት፤ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ቢልሃርዝያን ለማጥፋት በዘመቻ የተሰጠው መርፌ በሚገባ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው በመዞሩ ቫይረሱን በመላ አገሪቱ አሠራጨው፤ ከዚያም በ2018 በተጀመረው አገር አቀፍ ምርመራና ሕክምና ነገሩ ተለውጦ፣ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለግብጽ ዕውቅና ሰጥቷል። የአፍ መረብ ያየ የጥርስ ሐኪም አንድ ቀላል የደም ምርመራ በማዘዝ ጉበትን ሊያድን የሚችልበት ዕድል መኖሩ ለሙያችን ትልቅ ነገር ነው።

ኪንታሮትንና አንዳንድ ካንሰሮችን ስለሚያስከትለው ቫይረስ፣ ስለ ኤችፒቪ፣ አጠር አድርጌ አልፋለሁ፤ ማስረጃው ገና አልረጋም። በሊከን ናሙናዎች ውስጥ ኤችፒቪ ከጤነኛ ሽፋን ይልቅ ደጋግሞ ተገኝቷል፤ በ2015 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቁስል ያለው ሊከን በያዛቸው ጥቂት ታማሚዎች ላይ ከዚህ ቫይረስ ዓይነቶች አንዱን፣ ኤችፒቪ 16ን፣ የሚያውቁ ሲዲ8 ሕዋሳት ተባዝተው ማየታቸውን ጽፈዋል። ይሁንና የተላጠና የቆሰለ ሽፋን ለዚህ ቫይረስ የተከፈተ በር ነው፤ ቫይረሱ ቁስሉን ፈጥሮ ይሁን ቁስሉን አግኝቶ የገባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ናሙና ሊመልሰው አይችልም። ሊከን ካለባቸው ከመቶ አንድ ያህሉ በጊዜ ሂደት ካንሰር ሊያወጡ ስለሚችሉ በየጊዜው መታየት አለባቸው፤ ይህ ግን ኤችፒቪ ተገኘም አልተገኘም የሚደረግ ነው።

ቀደም ሲል ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ ልመለስ። የእነዚህ ብግነቶች ሁሉ ዋና መድኃኒት ስቴሮይድ ነው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ቫይረሱን ተኝቶ እንዲቆይ የሚጠብቀውን ዘበኛ ያስተኛል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬ አንዲት ታማሚ ላንሣ። ፔምፊገስ ቩልጋሪስ ነበረባቸው፤ ይህ በሽታ ሰውነት የሽፋኑን ሕዋሳት እርስ በርስ የሚያያይዘውን ዴስሞግሌይን 3 የተባለ ፕሮቲን ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከቆዳ በፊት በአፍ ይጀምራል። ፕሬድኒሶሎን በተባለው ስቴሮይድ ደኅና ሆነው ከቆዩ በኋላ አፋቸው እንደገና ቆሰለ። በሽታው አገረሸ ተብሎ መድኃኒቱ ተጨመረ፤ ባሰባቸው። እንደገና ተጨመረ፤ ውኃ መዋጥ አቃታቸው። እኔ ዘንድ ሲመጡ ቁስሉን ቀርቤ ሳየው ዳርቻው እንደ አበባ ቅጠል ጥምዝምዝ ያለ፣ በድድና በላንቃ ላይ የተሰባሰበ ነበር። ስዋብ፣ ማለትም ከቁስሉ ላይ በጥጥ የሚጠረግ ናሙና፣ ወሰድን፤ ሄርፐስ ሆነ። አሲክሎቪር ተጀመረላቸውና በአሥራ ሁለተኛው ቀን አጥሚት ሳይሆን እንጀራ በሉ። የተጨመረው ስቴሮይድ ቀስ በቀስ ተቀነሰ። በዚህች ታማሚ ላይ ቫይረሱ የፔምፊገሱ መንስኤ አልነበረም፤ እኛ በከፈትንለት በር የገባ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ሳምንት የሚያሠቃያቸው እሱ ነበር። ስለዚህ በስቴሮይድ ላይ ያለ ታማሚ አፉ ድንገት ሲብስ፣ ሕመሙ ከቁስሉ መጠን ሲበልጥ፣ ወይም ቁስሉ ቀድሞ ባልነበረበት ድድና ላንቃ ላይ ሲወጣ፣ መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት ስዋብ ውሰዱ። ፈንገሱንም በዚያው እዩ፤ እሱም በዚያው በር የሚገባ ነው። እዚህ ላይ ፒሲአር ብቻውን አይበቃም ያልኩት እንዳለ ነው፤ የውጤቱ ትርጉም የሚገኘው ከቁስሉ ቅርጽ፣ ከቦታውና መድኃኒቱን ስትሰጡ ከሚሆነው ነገር ጋር ሲነበብ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከተጠየቁት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ባስገባው ይጠቅማል። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተነሥተው፣ ሊከን ፕላነስ አለብሽ ከተባሉ ሦስት ዓመት እንደሆናቸው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከቤተሰቡ ማዕድ ራሳቸውን እንዳገለሉና ለልጅ ልጃቸው ጉርሻ መስጠት እንደተዉ ነገሩን። «ቫይረስ ካለበት ይጋባል ብዬ ነው፤ ተሳስቼ ይሆን?» አሉ። የመለስኩላቸው እንዲህ ነው፦ እማማ፣ ሊከን ፕላነስ አይጋባም፤ ሄፓታይተስ ሲ አለብዎ ቢባል እንኳ በደም እንጂ በጋራ ማዕድና በጉርሻ አይተላለፍም። ከንፈርዎ ላይ ምች ከወጣ ግን እስኪደርቅ ድረስ ሕፃን አይሳሙ፣ ከቁስሉ በተነካ እጅም አያጉርሱ፤ ለአራስ ሕፃን ያ ቫይረስ ከባድ ነው። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስድስት ሞላው አሉ። እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ያጉርሱት አልኳቸው።